ለልጅ ልጄ የዌልስ ስም

የልጄ ባል የዌልስ ሰው ነው። ሴት ልጅ ሲወልዱ ስም ማውጣቱ ለእሱ ደረሰና ሊያማክረን እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ከተማ ያለ የአበሻ ምግብ ቤት ምሳ ጋበዘን። የአገሩን ስሞች ከስልኩ ላይ ያነብልናል።

«ግዌንሕልያን» አለ።

«ይኼ ስም ነው ጉሮሮ መጥረግ?» አለች ባለቤቴ በአማርኛ።

«እማዬ፣ ፕሊስ!» አለች ልጄ።

ያነበበው ሁሉ ወደቀ። አማቼን ላብ አጠመቀው። እኔ ጥብሴን እበላለሁ።

«አደርን» አለ በመጨረሻ። «በእኛ ቋንቋ ወፍ ማለት ነው።»

«ተመስገን!» አልኩ ጮክ ብዬ። ምግብ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

በወጣትነቴ ታስሬ ነበር። ማታ ስሙ የተጠራ ሰው ይወጣል፤ አይመለስም። ጠዋት ቀድሞ የነቃው «አደርን» ይላል፤ የቀረነው «ተመስገን» እንላለን። ይህን ለቤተሰቤ ነግሬ አላውቅም። አሁንም የመለሰው አፌ ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም።

አማቼ ግን «ተመስገን» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። ብድግ ብሎ አቀፈኝ። «ጋሼ ወደደው!» አለ። ልጄ አለቀሰች። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወፍ የወደድከው?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ከድሮም» አልኳት።