ሦስት ወር ያልሞላው ወረቀት

የያዙኝ ከመዝሙር ልምምድ ስወጣ ነው። ቀበና ድልድዩን ተሻግሬ ታክሲ ልይዝ ስል ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝና የካ ውስጥ ወዳለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ። ምርጫው ካለፈ ወራት ሆኖት ነበር። እኔ በሰፈራችን የተቃዋሚ ፓርቲ ታዛቢ ስለነበርኩ መምጣታቸው አልደነቀኝም። የደነቀኝ ፈታሹ ነው። መታወቂያዬን፣ ሰዓቴንና ቀበቶዬን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠ በኋላ ከደረት ኪሴ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ዘርግቶ አነበበው። የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ነበር። ማኅተም አለው፣ ከታች «ኔጌቲቭ» ይላል።

«ልታገባ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አለና ከዕቃዎቼ ጋር ፌስታል ውስጥ ከተተው። ሲያሾፍ አልነበረም፤ ከልቡ ነው። ያን ቀን ሌሎቹ በጥፊ መትተውኛል፣ ሰድበውኛል፤ ሁሉም ተረስቶ ያ «እንኳን ደስ ያለህ» ብቻ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የረጠበ ብርድ ልብስ፣ ላብ፣ ጥግ ላይ ያለው ባልዲ። ሠላሳ ያህል ሰው ነበርን። ቦታ ስለሌለ በጎን ነው የሚተኛው፤ አንዱ ሲገላበጥ ረድፉ በሙሉ ይገላበጣል። ከጣሪያው ሥር ባለች ጠባብ መስኮት የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ከዚያ ነው የሚወርድብን። የክፍሉ ተጠሪ ሥራዬን ሲጠይቀኝ መምህር መሆኔን፣ በቤተ ክርስቲያናችንም በመዝሙር እንደማገለግል ነገርኩት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሜ «ፓስተር» ሆነ። ፓስተር አይደለሁም ብል ማን ይሰማኛል? ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ቤተሰቡ የታመመበት ቀን «ፓስተር፣ አንድ ጊዜ ጸልይልን» ይለኛል። እኔም እጸልይ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ!

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። ከመያዜ አምስት ሳምንት በፊት ስሜ የሚታሰሩ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ እንዳለ አንድ ሰው ሹክ ስላለኝ ላምበረት፣ አውቶቡስ ተራው አጠገብ፣ አንድ አልጋ ቤት ሦስት ቀን ተደብቄ ነበር። እዚያ የምትሠራ ሴት ምግብ ክፍሌ ድረስ ታመጣልኝ ነበር፤ ቁጭ ብላም ታጫውተኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አብሬያት ተኛሁ። ፈርቼ ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ እያልኩ ሰበብ መደርደር እችላለሁ። ፈልጌ ነው ያደረግሁት። ያኔ አልጋ ቤት ሁሉ ኮመዲኖ ውስጥ ኮንዶም ያስቀምጥ ነበር። እሷ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችልኝ። መለስኩላት። ደግማ ሰጠችኝ።

«ግዴለህም፣ ተጠቀም» አለችኝ።

«እኔ እኮ አማኝ ነኝ። ምንም የለብኝም።»

አተኩራ አየችኝ። ስለ እኔ እንጂ ስለ ራሷ እንዳልተጨነቀች የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። የውስጤ እውነት ይኼ ነበር፦ ያቺን እሽግ ከቀደድኩ አስቤበት የሠራሁት ኃጢአት ይሆንብኛል፤ ካልቀደድኩ ግን ድንገት የወደቅሁ ምስኪን ነኝ። እንዲህ ብሎ ራሱን የሚያታልል ጴንጤ ብቻ ነው፤ ጴንጤ ስለሆንኩ ነው የምናገረው።

ቤተ ክርስቲያናችን ያለ ምርመራ ወረቀት አታጋባም። ቀጠሮው ቀድሞ የተያዘ ስለነበር ላምበረት ከሆነው በሦስተኛው ሳምንት ከእጮኛዬ ጋር ጤና ጣቢያ ሄድን። እሷ ቀድማኝ ተመርምራ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላለች። አማካሪዋ በሩን ዘጋችና ባለፉት ሦስት ወራት ያለ ኮንዶም የግብረ ሥጋ ግንኙነት አድርጌ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት።

«ካለ ንገረኝ። አሁን ቫይረሱ ቢኖር እንኳ ምርመራው ላያሳየው ይችላል። ሦስት ወር ሲሞላ ተመልሰህ መመርመር ይኖርብሃል።»

«የለም አልኩሽ እኮ።»

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። እጮኛዬ አይታው በደስታ ክንዴን ጨመቀችኝ። እኔም አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩት።

ታስሬ ሳምንት እንደሞላኝ አንድ ባለሱቅ መጡ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፣ ከደቡብ የመጡ ሙስሊም ናቸው፤ ጥፋታቸው ፖሊስ ያባረራቸውን ተማሪዎች ሱቃቸው ውስጥ ማስገባታቸው ነው። ተጠሪው ቦታ ሲያሳያቸው ቆመው ለሁላችንም ተናገሩ። «ወንድሞቼ፣ እኔ ቫይረሱ ያለብኝ ሰው ነኝ። ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ማታ በሁለት ሰዓት መድኃኒት እውጣለሁ። ሰዓቱን ከጠባቂዎቹ ጠይቃችሁ እንድታስታውሱኝ እለምናለሁ።» ይኼው ነው። ቁጭ አሉ።

የደረሳቸው ቦታ ከእኔ አጠገብ ነበር። ተማሪ ሳለሁ በኩባያ፣ በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም የሚል በራሪ ወረቀት በየመንደሩ ያደልኩ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን ኩባያዬን ከኩባያቸው አጠገብ አንስቼ በሌላ ጎኔ አስቀመጥኩ። አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ በኋላ ከእሳቸው መራቅ አልቻልኩም። ለፀሐይ ስንወጣ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ግድግዳውን ተደግፈን ሳለ፣ «ጋሼ፣ አንድ ጓደኛ አለኝ» ብዬ ጀመርኩ።

«እሺ።»

ጓደኛዬ ከአንዲት ሴት ጋር አንድ ጊዜ ብቻ እንደተገናኘ፣ በሦስተኛ ሳምንቱ ተመርምሮ ነጻ እንደተባለ ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ምንም አይለውም አይደል? አልኳቸው።

«እኔንም የያዘኝ አንድ ጊዜ ብቻ እያልኩ ነው» አሉ። «ሊይዘው ይችላል፣ ላይዘውም ይችላል። ሦስት ሳምንት ግን ገና ነው። ጓደኛህን ሦስት ወር ሞልቶት ካልተመረመረ ያ ወረቀት አያስተማምንም በለው።»

«እሺ።»

«ጓደኛህ ሚስት አለችው?»

«እጮኛ።»

«ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዞሩ። «ልጅቷ በየሳምንቱ ሐሙስ ያንን የሚጣፍጥ ሽሮ የምታመጣው ናት?» አሉኝ።

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«እኔ ለባለቤቴ እነግራታለሁ፣ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ዓመት ሆነኝ» አሉ። «እሷም ያዛት። አሁን ሁለታችንም አንድ መድኃኒት ነው የምንውጠው። አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።»

እኔም ስፈታ እነግራታለሁ ብዬ ነበር ለራሴ። ሐሙስ መጣ። ጠያቂ የሚገባው ግቢው ውስጥ ነው። ሁለት ገመድ ተወጥሯል፤ ከወዲያ ጠያቂ፣ ከወዲህ እስረኛ፣ መካከሉ ላይ ፖሊስ ይመላለሳል። ሃምሳ ሰው አንዴ ስለሚናገር ካልጮኽክ አትሰማም። ደብዳቤ ክልክል ነው፤ ምግቡን እንኳ በእንጨት አማስለው ነው የሚያስገቡት።

እጮኛዬ ነጠላዋን አገጯ ሥር ይዛ ገመዱን ተጠግታለች። ፊቷ ፈክቷል። «ዕቃዎችህን ሰጥተውኛል!» አለችኝ። «ወረቀትህን አግኝቼ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ አስገባሁት! ተስማምተዋል! እነ እማማም ተዘጋጅተዋል፤ በተፈታህ በሳምንቱ እንጋባለን!»

ራሴን አውቀዋለሁ። ከዚህ ስወጣ እልልታ ነው የሚቀበለኝ፤ መዘምራን ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ የእናቷ እንባ ነው። ከዚያ ሁሉ መካከል ለብቻዋ ጠርቼ የምነግርበትን ድፍረት ከየት አመጣለሁ? ጤና ጣቢያ በር ተዘግቶልኝ ያልተናገርኩ ሰው።

«ስሚኝ!» አልኳት። «ያ ወረቀት አይሠራም!»

«ምን?»

«ወረቀቱ አይሠራም! ከመመርመሬ በፊት ከሌላ ሴት ጋር ተኝቻለሁ! ያለ ኮንዶም! ሦስት ወር ሳይሞላኝ ነው የተመረመርኩት! ሊኖርብኝ ይችላል!»

መጀመሪያ ግራና ቀኜ ያሉት ዝም አሉ። ከዚያ ከወዲያ ማዶ ያሉት። ፖሊሱም መመላለሱን አቆመና ጫማውን ያይ ጀመር። ከኋላዬ አንዱ «ፓስተር?» ሲል ሰማሁት።

እጮኛዬ ነጠላዋን ለቀቀች። መጮህ አላስፈለጋትም፤ ግቢው ጸጥ ብሏል።

«መቼ?» አለች።

«ላምበረት ተደብቄ ሳለሁ።»

«እኔ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

ለማልቀሷም ለስድቧም ተዘጋጅቼ ነበር። «ወረቀቱን ከሽማግሌዎቹ ተቀብዬ እመልሳለሁ» አለችኝ። «ምሳ ዕቃውን ባዶውን ላክልኝ።»

አጥቤ ላክሁላት። በቀጣዩ ሐሙስ የመጣችው እህቴ ናት።

ክፍል ስመለስ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረብኝ። አንድ ወጣት «ይኼ ነው እንዴ ሲጸልይልን የከረመው?» አለ፤ እውነቱን ነው። ባለሱቁ ግን ምግባቸውን አቅርበው እየጠበቁኝ ነበር። ኩባያዬን አነሱና ከራሳቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ቀዱልኝ። ጠጣሁት። «ዛሬ ደግሞ እኛ እንጸልይልሃለን፣ አንተ ዕረፍ» አሉኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ከሁለት ወር በኋላ ያለ ክስ ለቀቁን። ሦስት ወሩ ሞልቶ ነበርና በሳምንቱ ቀበና አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ ብቻዬን ሄድኩ። አማካሪው ሲጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኩት። ውጤቱ ፖዘቲቭ ነበር። ወደ ላምበረት ሄጄ ያቺን ሴት ፈለግኋት፤ ልወቅሳት አልነበረም፣ ሁለት ጊዜ እጄ ላይ አኑረሽልኝ ነበር ልላት እንጂ። ሥራ ለቅቃ ነበር። ስሟን እንኳ ስላልጠየቅኋት ወዴት እንደሄደች መጠየቅ አፈርኩ።

መድኃኒት ስውጥ ይኸው ዓመታት አለፉ። ደህና ነኝ፤ ቫይረሱ አሁን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ነው። ስለ እስሩ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ብርዱና ስለ ጥፊው አወራለሁ፤ «ጀግና» ይሉኛል፣ እኔም ዝም እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ጠዋት የእንጦጦን ዳገት በእግሬ ስወጣ የቀድሞ እጮኛዬን አገኘኋት። ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር እየወረደች ነበር። ባሏን አስተዋወቀችኝ። እሱ ልጆቹን ለመያዝ ጥቂት ራቅ ሲል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያኔ ውጤትህን ሰው ሰምቶ ነግሮኝ ነበር። መድኃኒትህን በሰዓቱ ትወስዳለህ?» አለችኝ።

«እወስዳለሁ።»

«ጎሽ» አለችና ልጆቿን ጠራቻቸው። «ኑ፣ ሰላም በሉት።»

ተራ በተራ ሳሙኝ። የመጨረሻዋ ገና አራት ዓመት አይሞላትም፤ አንገቴን አቅፋ ጉንጬን ሳመችኝና ፊቴን ልታይ ቀና አለች። ያን ሐሙስ ዝም ልል ምን ያህል ጥቂት ቀርቶኝ እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።