ከዝርዝሩ የሚቀር ሰው

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ በስደት በምንኖርበት ከተማ ዳር፣ ፖይንት ኩክ ወዳለው የስልክ ሱቃችን ገብታ የአባቷን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቁልፎቹ ትልልቅ ናቸው፣ የጀርባ ክዳኑ በላስቲክ ታስሯል፣ አረንጓዴው መደወያ በአውራ ጣት ግፊት ብዛት ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ላስቲኩን ስፈታው የጉንፋን ቅባትና የአሮጌ ኮት ኪስ ሽታ ወጣ።

«ስሞቹን በሙሉ ወደ አዲሱ አስገቢልኝ» አለችኝ።

«ሁሉም ይግቡ? ወይስ የሚቀር ሰው አለ?» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከኋላ ሳቀ። ይህን ጥያቄ ለሁሉም ደንበኛ እንደምጠይቅ ያውቃል፤ ለምን እንደምጠይቅ ግን ነግሬው አላውቅም። ለእናንተ ልንገራችሁ። ያን ሽታ ካሸተትኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ አልገባም ብዬ አባቴን ያስኮረፍኩበት ዓመት ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ ከደሴ እየደወለች «ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው?» ስትለኝ «ሰው ስልክ ሲመርጥ አማክራለሁ» እላታለሁ፤ እሷም «ይሄም ሥራ ሆኖ!» ብላ ትስቅብኛለች። ይሄም ሥራ መሆኑን ለማሳየት ቸኩዬ ነበር። በሁሉም ነገር እቸኩል ነበር።

እድራችን አንድ ደዋይ ነበረው። ከመስታወት ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ዌስት ፉትስክሬይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሲሞት ልክ ያቺን በመሰለች ባለትልልቅ ቁልፍ ስልካቸው አንድ በአንድ ለሁሉም ይደውላሉ። ቤታችን ሲደውሉ አባቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነበር የሚያነሣው። ደዋዩ መቼም ዘለው መርዶ አይናገሩም። «ደህና አደራችሁ? ልጆች ደህና ናቸው? ዛሬ ሥራ አለህ ወይ? ማን አለ አጠገብህ?» ይላሉ መጀመሪያ። እኔ ሶፋው ላይ ተጋድሜ በመሰላቸት ዓይኔን አንከባልል ነበር። አንድ ዙር ደውለው እስኪጨርሱ ቀን ተኩል ይፈጅባቸዋል። ሐዘኑ ለደረሰበት ሰው ግን አይደውሉም። ለእሱ ሁለት ሦስት ሰው ይዘው ማልደው በሩን ያንኳኳሉ።

አንድ ጊዜ ስልኩ ዘግይቶበት ቀብር ያመለጠው አባል ተቆጣ። የእድሩ ሰብሳቢ «ዘመኑ ሌላ ነው፣ እስቲ ልጅቷ አንድ ነገር ትምረጥልን» አሉ። ልጅቷ እኔ ነኝ።

ሦስት መተግበሪያ አወዳደርኩ። አንዱ አማርኛ ፊደል ያበላሻል። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፣ ግን ስልኩ ሳይለንት ላይ ከሆነ ዝም ይላል። ሦስተኛውን መረጥኩ። አንዴ ሲነኩት ለሁሉም ይደርሳል፣ ያነበበውንና ያላነበበውን ያሳያል፣ «አስቸኳይ» የምትለዋን ከነኩ ደግሞ ሳይለንት ላይ ያለ ስልክ ሳይቀር ይጮኻል። በጣም ኮራሁበት።

ስብሰባው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የምንከራየው አዳራሽ ውስጥ። የወለል ማጽጃ ይሸታል፣ ማሞቂያው ግድግዳው ላይ ያጓራል፣ ከላይ ባሉት ጠባብ መስኮቶች የገባው ፀሐይ ሰዉን ግማሽ ግማሹን ያበራዋል። ያን ድምፅ አስጮኽኩላቸው። ሴቶቹ ደንግጠው ተሳሳቁ። ደዋዩ ከኋላ ወንበር ላይ እጃቸውን አወጡ።

«እቴ፣ ይሄ ነገር ሰው ማስቀረት ይችላል?»

«እንዴት ማስቀረት?»

«ለሁሉም ሲናገር ለአንድ ሰው ብቻ ዝም ማለት ይችላል ወይ ነው የምልሽ።»

አላውቅም ነበር። ሦስቱን ሳወዳድር ስለ ድምፁ፣ ስለ ፊደሉ፣ ስለ ሁሉም ነገር ሳይ ይህ አንዱ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አላውቅም ማለት ግን ሞት ሆነብኝ።

«ይችላል ጋሼ፣ ሴቲንግ ውስጥ አለ። እርስዎ አይጨነቁ» አልኩ። በዚህ ብቻ ባበቃሁ። «ለእርስዎም ጡረታ መውጫ አዘጋጅተንልዎታል» ብዬ ጨመርኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም ሳቁ። ሳቃቸው ከሁሉም በኋላ አለቀ፤ ስልካቸውን ቀስ ብለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

በሳምንቱ ቤታቸው ሄጄ ስሞቹን ከደብተራቸው ገለበጥኩ። ሻይ ቀድተውልኝ ነበር፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ስም ባነበቡ ቁጥር አንድ ነገር ያክላሉ፤ «እሷን ልቧን ያማታል፣ ሰው ሳይኖር እንዳትነግሯት»፣ «እሱ መኪና ስለሚነዳ አቁም በሉት መጀመሪያ»። እኔ «ቁጥሩን ብቻ ጋሼ፣ ቁጥሩን ብቻ» እላቸው ነበር። ባቡር እንዳያመልጠኝ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፉትስክሬይ ጣቢያ ቆሜ ሳለሁ ሰብሳቢው ደወሉ። ታርኔት የምትኖረው፣ ሰላጣ ማሸጊያ ፋብሪካ የምትሠራው አባላችን እናቷ ኮምቦልቻ ውስጥ ሞተዋል። «ለእሷ ከሥራ ስትመለስ እኛ ሄደን እንነግራታለን፣ አንቺ ለሰዉ አሳውቂ» አሉኝ። ሰምቻለሁ። በደንብ ነው የሰማሁት። ባቡሩ እየገባ ነበር። የሴትዮዋን ስም፣ እናቷ ማረፋቸውን፣ የለቅሶውን ቦታ ጻፍኩ፤ አስቸኳይ የምትለዋን ነካሁ፤ ላክሁ። የገዛ ስልኬ እጄ ላይ ጮኸ። በሩ ሲዘጋ ነው ዝርዝሩ ውስጥ እሷም እንዳለች ትዝ ያለኝ።

ማን እንዳነበበ ያሳያል ብዬ የኮራሁበት ነገር ስሟን አሳየኝ። ከዚያ ከሥር ጻፈች።

«የማን እናት ነው ያላችሁት?»

መልእክቱን አጠፋሁት። እሱ ምን ዋጋ አለው። በኋላ እንደሰማሁት ብሬክ ላይ፣ እረፍት ክፍሉ ውስጥ ነበረች፣ የፀጉር መሸፈኛዋን እንዳደረገች። ስትጮኽ ሱፐርቫይዘሯ ማሽን የቆረጣት መስሏት እጆቿን እየገለባበጠች ደም ትፈልግ ነበር። ሐዘን መሆኑን የሚያውቅላት ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ደዋዩ ከጎረቤት ሰምተው ሁለት ባቡር ቀይረው ፋብሪካው በር ድረስ ሄዱ። እኔ ለቅሶውም አልሄድኩም። ሺፍት አለኝ አልኩ። ሺፍት አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩ ተነሣ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እሷ ልጅ ናት፣ ባህሉን ምን ታውቃለች። ማን መቅረት እንዳለበት መንገር የደዋዩ ፈንታ ነበር» አሉ። ያ ጥያቄ በዚያው አዳራሽ፣ በሁሉም ፊት ተጠይቋል። ሁሉም ሰምቶ ስቋል። ደዋዩ ተነሡ።

«ልክ ነው። መንገር ነበረብኝ፣ ዘነጋሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉና ተቀመጡ።

እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር። ነጭ ስኒከር፣ የግራው ክር ተፈትቷል። አፌን መክፈት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አልከፈትኩትም።

ከዚያ ወዲህ ላኪነቱን ለሰብሳቢው አስረክቤ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ድምፄን አጥፍቼ ኖርኩ። አባቴ ለሥራ ሩቅ ከተማ፣ ፐርዝ ሄደ፤ እኔ ታርኔት አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ደዋዩን መንገድ ላይ ሳያቸው ሱቅ መስኮት ወደማየት እዞር ነበር። አንድ ሁለቴ እያዩኝ እንደዞርኩ አውቃለሁ።

ባለፈው ክረምት ነው። አንድ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ስልኬን ባይ ከእድሩ ዝርዝር ወጥቻለሁ። ማንም ምንም አላለኝም። በባቡሩ መስታወት ፊቴን እያየሁ «በመጨረሻ አባረሩኝ፣ ይበለኝ» አልኩ። ተናድጄም ነበር፣ ልዋሽ አልፈልግም።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ የበሩ ደወል ጮኸ። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ከፈትኩ። ደዋዩ ናቸው፣ በዚያው ኮት። ከኋላቸው ሰብሳቢው። አጠገባቸው ደግሞ ያቺ የሰላጣ ፋብሪካዋ ሴት፣ ትልቅ ፔርሙዝ አቅፋ። ውጭው ጭጋግ ነው፣ የሦስቱም ትንፋሽ ይታያል።

«ደህና አደርሽ?» አሉኝ ደዋዩ። «ዛሬ ሥራ አለሽ ወይ?»

የሞተችው የደሴዋ አክስቴ መሆኗን ያኔውኑ አወቅሁ። ቀሪውን ሳይናገሩ በፊት ሴትዮዋ ፔርሙዙን መሬት አስቀምጣ ያዘችኝ። አያያዟ የሚወድቅን ሰው እንደሚደግፍ ሰው ነበር፤ ደግሞም ወደቅሁ። እጆቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም።

ረፋዱ ላይ ሰው ቤቱን ሞልቶት ሳለ ከደዋዩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ኮታቸው ያው የጉንፋን ቅባት ይሸታል።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ያኔ ሴቲንግ ውስጥ አለ ያልኩዎት ዋሽቼ ነው። አላውቅም ነበር።»

«አለ እኮ» አሉኝ። «ትናንት ሰብሳቢው አሳዩኝ። ስምሽን ነክቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ።» አውራ ጣታቸውን አነሡና አዩት። «ከዚያ ነው ለሰዉ የተላከው።»

ከፔርሙዙ ሻይ ቀድተው አቀበሉኝ፣ ጠጣሁት።

ለቅሶው ሲያበቃ መልሰው አስገቡኝ። እኔ ሳልኖር የተላከው ግን ለእኔ አይታይም። አንዳንዴ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲጠፋ ስልኬን አውጥቼ የእድሩን መልእክቶች እያገላበጥኩ አያለሁ፤ ከዚያ ሐሙስ ዘሎ ወደ ቀጣዩ ማክሰኞ ይሄዳል። በመሃል የአክስቴ ሞት አለ። ሁሉም አንብቦታል፣ እኔ እስከ ዛሬ አላየሁትም።