ስንት ቤተሰብ ይጠቀማል?

ያን እስክሪብቶ ባልይዝ ኖሮ ዛሬ እንዲህ አልናደድም ነበር። ሐዋሳ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። የጉድጓድ ውሃ ከዓመት ዓመት እየራቀ ሲሄድ የከተማው ውሃ ቢሮ በየግቢው ያለው ጉድጓድ ይመዝገብ አለና የሰፈሬን እንድመዘግብ ተጠየቅኩ። እሺ አልኩ፣ ሞኙ!

መጀመሪያ የገባሁት ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው ጎረቤቴ ግቢ ነው። ሟች ባለቤታቸው በእጃቸው የቆፈሩት ጉድጓድ አላቸው። የቧንቧው ፈረቃ ሲያልፈን ሁላችንም ጀሪካን ይዘን እዚያ ነን። እማማ የጠዋት ጸሎታቸውን ጨርሰው ክዳኑን ይከፍታሉ፤ ማንንም ከልክለው አያውቁም። ውሃው በራቀ ቁጥር ገመዱን ይቀጥሉታል፤ ያን ጊዜ አራት ቋጠሮ ደርሶ ነበር።

ቅጹ «ስንት ቤተሰብ ይጠቀማል?» ይላል። የእማማ ፊት በራ። አንድም ጎረቤት እንዳይቀርባቸው እየተጨነቁ በጣታቸው ቆጥረው አርባ ቤት አደረሱት። ኩራታቸው ተጋብቶብኝ አርባ ብዬ ጻፍኩ።

ከአጥራቸው ጀርባ ያለው ሆቴል ስሄድ ሥራ አስኪያጁ ጉድጓዳቸው ለአትክልት ማጠጫ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ተጠቃሚ፣ አንድ ድርጅት። የልብስ ማጠቢያውም መዋኛ ገንዳውም ከዚያው እንደሚሞላ ሰፈሩ ያውቃል እኮ! ግን ባለቤቱ ያለውን ጻፍ ተብያለሁ፤ ጻፍኩ።

ውሳኔው ሲመጣ ከሃያ ቤት በላይ የሚቀዳበት ጉድጓድ ሁሉ «ከፍተኛ ተጠቃሚ» ተብሎ ይታሸግ ተባለ። ሆቴሉ በዝቅተኛ ታለፈ። የእማማ ክዳን በሰንሰለት ታሰረ።

ደሜ ፈላ። ቢሮ ለቢሮ ተንከራተትኩ። አንዱ ቅጹን አውጥቶ የገዛ እጅ ጽሑፌን አሳየኝ። ሌላው ሆቴል ገብቶ የሚለካ ሰው የለንም አለኝ። ታዲያ ካልለካችሁ ለምን ታስመዘግባላችሁ ብዬ ጮህኩበት፤ ነገ ተመለስ አለኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባላል፤ እኔ ግን የሰው እውነት ጽፌ አርባ ቤት ያለ ውሃ አሳደርኩ።

ትናንት እማማ በራቸው ላይ ቆመው ጠሩኝ። ከአጥሩ ጀርባ የሆቴሉ ፓምፕ ያጓራል። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ብቻዬን ነው የምቀዳው ብዬህ ቢሆን ኖሮ ይተዉልኝ ነበር?»

«አይ» ብዬ መዋሸት አማረኝ።

«አዎ እማማ፣ ይተዉልዎት ነበር» አልኳቸው።