ስም ከነአያት

ሺርዶን ዋዒስ ጋዜጠኝነትን የጀመረው ጅቡቲ ነው። ሙያው የገባው ናይሮቢ ነው፤ ዋና አዘጋጅ የሆነው ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በተወለደባት ሐርጌሳ ነው። ከናይሮቢ አለቃው የወረሳት አንዲት ሕግ ነበረችው፦ ሰው ጋዜጣ ላይ የሚወጣው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ብቻ ነው።

ሐርጌሳ ደግሞ ሰውን የምታውቀው በቅጽል ስሙ ነው። አንካሳውን አንካሳው፣ ገጣጣውን ገጣጣው ይሉታል፤ ቅር የሚለው የለም። ሺርዶን ከዘጋቢዎቹ ጽሑፍ ላይ ይህን ሁሉ እየለቀመ ይሰርዛል። እሱን ራሱን ሰው ሁሉ "ሺርዶን ዋዒስ" ብሎ ነው የሚጠራው። ይህ ያንገበግበው ነበር፤ በዚያ ከተማ በሙሉ ስሙ የሚጠራ እንግዳ ብቻ ነውና። አገሩ ገብቶም አገሩ እንዳልገባ ይሰማው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጋዜጣው አህመድ ኢስማኢል ጃማ የተባለ ሹፌር መሞቱን አወጣ። ዘጋቢዋ ሲራድ "ባለ አንድ ጆሮው" ብላ ጨምራ ነበር፤ ሺርዶን ሰረዘው። በማግስቱ ከቡርዖ ከተማ የመጣ ሁለት ሚኒባስ ለቀስተኛ የሟቹ ሞክሼ በሆነው፣ ሰው ሁሉ ቦርጫሙ በሚለው በግመል ነጋዴው አህመድ ኢስማኢል ጃማ ደጅ ወረደ። ሰውየው ጉበቱን አስቀርቦ ቁርስ እየበላ ነበር። አክስቱ ስታየው ራሷን ሳተች። የሹፌሩ ሚስት ግን የሚያጽናናት አጥታ ብቻዋን ተቀምጣ ዋለች። ሺርዶን ይህን ሲሰማ ከልቡ አፈረ።

ሐሙስ ሽማግሌዎች ነገሩን ሊዳኙ ከግራር ሥር ተሰበሰቡ።

"በቁሜ ቀበረኝ" አለ ነጋዴው። "አክስቴ ስታለቅስ ያሞገሰችኝን ግን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። በሱ አልከሰውም።"

"ስሙ እኮ ልክ ነው" አለ ሺርዶን። "ከነአያቱ።"

"አያቱን ማን ጠየቀህ?" አሉት ትልቁ ሽማግሌ ዱዓሌ። "ባለ አንድ ጆሮው ብትል ሕፃን ልጅም አይሳሳትም። የናይሮቢን ሕግ ለናይሮቢ ተውላት። አሁን ማረሚያ አውጣ፣ ሁለቱንም በቅጽላቸው ጻፍ። ሴትየዋንም ሄደህ አጽናና። ስትፈርምም በቅጽልህ ፈርም።"

ሺርዶን አቀረቀረ። "እኔ የለኝም" አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ነጋዴው ሳቁ አመለጠው። "የለኝም ይላል እንዴ! ስድስት ዓመት ሙሉ ከተማው ላጲሱ ሲልህ የት ነበርክ?"

አብራው የመጣችው ሲራድ መሬት መሬቱን አየች። "ፈርተን ነው ያልነገርንህ" አለች። ሺርዶን ግን እንደ ልጅ ደስ አለው፤ ደስታውን መደበቅም አልቻለም።

ቅዳሜ ማረሚያው በፊት ገጽ ወጣ፦ "የሞተው ባለ አንድ ጆሮው ነው። ቦርጫሙ ደህና ነው። ስህተቱ የላጲሱ ነው።"

ከሰዓት በኋላ ሺርዶን ደጃፉ በለቀስተኛ ጫማ የተሞላውን የሹፌሩን ቤት አንኳኳ።

"ማነው?" አለች ሴትየዋ ከውስጥ።

"ላጲሱ ነኝ።"

"ግባ" አለችው፤ "ቦታ ካገኘህ።"