የምታኖረን እሷ ናት

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ አገር ተማሪም ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑበት ጊዜ እንዳለ የነገረን የእንግሊዝኛ መምህራችን ነበር። ያኔ ሐይቅ ከተማ ቤት ተከራይቼ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እማር ነበር። የአንዱን ማመልከቻ በስልኬ ሞላሁ፤ ድርሰቱንም ጻፍኩ። የከበደኝ የገንዘብ እርዳታ መጠየቂያው ቅጽ ነው። የቤተሰቡ ገቢ ከየት ይመጣል? ከዘመድ የሚላክ ገንዘብ አለ? ይላል። ወላጅም ይፈርምበታል።

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ነው። ቅጹን አሳትሜ ዓርብ ሄድኩ። አባቴ ከጁምዓ ተመልሶ ደጃፍ ላይ አረፍ ብሎ ነበር፤ ጥያቄዎቹን በአማርኛ አነበብኩለት።

«ገበሬ ነው በይ» አለኝ። «ጤፍና ማሽላ ያመርታል፣ ጥማድ በሬ አለው በይ።»

«ከዘመድ የሚላክ ለሚለውስ?»

«የለም በይ።»

ታላቅ እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የቤታችን ቆርቆሮ፣ ማዳበሪያው፣ የእኔ የቤት ኪራይ፣ ሁሉም ከእሷ ነው።

«አባ፣ ውሸት ይሆናል እኮ።»

«ሴት ልጄ ታኖረኛለች ብዬ ለማላውቀው ሰው አልፈርምም። አላህ የሰጠኝ ጉልበት አለኝ» አለና ተነስቶ ወደ ማሳው ሄደ።

ሌላ ቀን አግባባዋለሁ ብዬ ተውኩት። የሰሜኑ ጦርነት ቀደመኝ። ውጫሌ ተያዘ ሲባል ሰው በደሴ መንገድ በእግሩ ጎረፈ፤ እኔ ወደ ቤተሰቦቼ ሸሸሁ። ብዙም ሳይቆይ ሐይቅም ተያዘ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ። ታጣቂዎች መጥተው አንዱን በሬ ነድተው ወሰዱት። አባቴ ግን ስለ በሬው አያወራም። «ያቺ ልጅ አልቀዋል ብላ ይሆናል» ይላል፣ ሲነጋም ሲመሽም።

ስልክ ሲመለስ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ አብረን ወጥተን ደወልን። እህቴ የአባቴን ድምፅ ስትሰማ መናገር አቃታት።

«አለን ልጄ። አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም አለን» ይላታል ደጋግሞ።

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ፊቱን በጋቢው ጠረገ። «ያንን ወረቀት አምጪው» አለኝ። «የምታኖረን እሷ ናት በይ፤ እፈርማለሁ።»

የማመልከቻው ቀን አልፎ ነበር። የሆነውን ሁሉ ጽፌ ብልክላቸው ዘግይቶም ቢሆን ተቀበሉልኝ። ከወራት በኋላ መልሳቸው መጣ። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎኛል፤ እርዳታው ግን ሙሉ አልነበረም። የጎደለውን ቤተሰብ ይሸፍናል ይላል።

«እኔ እሞላዋለሁ» አለችኝ እህቴ። «ኮንትራቴን አድሳለሁ።»

«በዚህ ዓመት አገሬ እገባለሁ ብለሽ አልነበረም?»

«አንቺ ስትጨርሺ እገባለሁ።»

እምቢ አልኳት። «ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ ለፋሽ?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ፤ ረጅም ጊዜም አልደወለችልኝም። ቦታውን ትቻለሁ ብዬ ለዩኒቨርሲቲው ስጽፍ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። እኔም ደሴ ካለው ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተማርኩ።

እህቴ የተመለሰችው ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። ሐይቅ መናኸሪያ ወጥተን ተቀበልናት። በጣም ከስታለች። ባጃጅ እስኪመጣ አባቴ ሻንጣዋን ከእጁ አላወረደም። የአሜሪካን ጉዳይ እስከ ዛሬ አንስታብኝ አታውቅም።