ለኦቦ ጉተማ ያልደረሰው ጥያቄ

በዚያ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። ሐኪሙ ዶክተር ይርጋ፣ ከጎጃም ተመድቦ ከመጣ አምስተኛ ወሩ፣ ኦሮምኛ የማያውቅ። ሲስተር አስናቀች፣ መርፌ በምትቀቅልበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ እሷም ኦሮምኛ የማታውቅ። ባለሱቁ ጋሼ ሸምሱ፣ ለጉልበታቸው መርፌ ሊወጉ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ። ኦቦ ጉተማ፣ ከዳሪሙ የመጡ የቡና ገበሬ፣ አልጋው ላይ በጎናቸው የተኙ። ጫልቱ፣ የልጃቸው ሚስት፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ እግራቸው ሥር የቆመች። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛና አስተርጓሚ። ጥፋቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ዘርዝሬ ይህን ብቻ ዘልዬዋለሁ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ከኢሉባቦር ከተሞች በአንዱ ነበር፣ ይህ ይበቃል። ጥፋቱ የቤቱ አይደለም።

ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ያወቅሁት ብቻዬን ነው። በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ የሚመጣውን ቀጭን ወረቀት አወጣና በመዝገበ ቃላት ቃል በቃል እፈታ ነበር። የፈታሁትን በደብተር እገለብጣለሁ። ለመገጣጠሚያና ለወገብ ሕመም ስለሚሰጠው ስለ ኢንዶሜታሲን ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር። «የጨጓራ ቁስል ላለበት ሰው አይሰጥም፤ ያደማል» የሚለውን ከሥሩ አስምሬበታለሁ። ስለዚህ አላወቅሁም ማለት አልችልም። ይህን የምነግራችሁ አስቀድማችሁ እንዳትራሩልኝ ነው።

ኦቦ ጉተማን ወገባቸውንና ሁለት ጉልበታቸውን ከያዛቸው ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ወጌሻ አሽቷቸዋል፤ ዋግምት ተደርጎላቸዋል፤ በጋለ ብረትም ተተኩሰዋል። ልብሳቸውን ሲገልጡ ጠባሳዎቹን ቆጠርኳቸው፤ አራት ናቸው። ልጃቸው ብሔራዊ ውትድርና ስለሄደ፣ የገበሬ ማኅበሩን ደብዳቤ ይዛ፣ ግማሹን መንገድ በበቅሎ ግማሹን ደግፋ ያመጣቻቸው ጫልቱ ናት።

ሐኪሙ እግራቸውን አንድ በአንድ አነሣ፣ አከርካሪያቸውን በጣቱ ተጫነ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ያለን መንገድ ሁለት ነው» አለኝ። «አንደኛው ይኼ ክኒን ነው፤ ቶሎ ያስታግሳል። ጨጓራቸው ቁስል ካለበት ግን አይሆንም። ያኔ ቀለል ያለ ማስታገሻ፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ፣ በጣውላ ላይ መተኛትና በየቀኑ የማሳያቸውን እንቅስቃሴ መሥራት ነው። ቀስ ይላል፤ ግን ይሠራል።»

ከአግዳሚው ላይ ጋሼ ሸምሱ፣ «ዶክተር፣ ቶሎ የሚለውን ለእሳቸው ከሰጡ ቀስ የሚለውን ለኔ እንዳያደርጉት! እኔ ሱቅ ዘግቼ ነው የመጣሁት» አሉ። ሲስተር አስናቀች ሳቀች። ሐኪሙም ፈገግ አለና፣ «ጠይቃቸው» አለኝ፤ «ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ያውቃል?»

ጥያቄው ይህ ነው፤ እንዲያ የጠቆረ ሰገራ ጨጓራ እየደማ መሆኑን ይናገራል። አምስት ቃል ነው።

የአገሩን ወግ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ጫልቱ የባሏን አባት በስማቸው አትጠራም። ፊት ለፊታቸው አትበላም። እሳቸውም በእሷ ፊት ስለ ገላቸው አያወሩም። እኔ አባቴ የሚያህሉ ሰው በምራታቸው ፊት ስለ ሰገራቸው ልጠይቅ? መፍትሔ አልነበረም? ነበር። «እህቴ፣ ለጊዜው ውጪልን» ማለት ይበቃ ነበር። ለሐኪሙ «በምራታቸው ፊት አይጠየቅም» ማለትም ይቻል ነበር። አላልኩም። ከስድስተኛ ክፍል የወጣ የካርድ ሠራተኛ ሐኪምን ያስተምራል እንዳልባል ፈራሁ። እኔ፣ በደብተሬ ከሥሩ ያሰመርኩት ሰው!

በኦሮምኛ ሌላ ነገር ጠየቅኋቸው። «ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ ይሰጥዎታል?» አልኳቸው።

«ላኪ» አሉኝ፤ አይ ማለት ነው።

እኔም ወደ ሐኪሙ ዞሬ «አይ፣ የለም ይላሉ» አልኩ። ሐኪሙ ካርዱ ላይ ጻፈ። ክኒኑ ታዘዘ።

አወሳሰዱን ለጫልቱ የነገርኳት እኔ ነኝ። ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ከበሉ በኋላ፣ በባዶ ሆድ ፈጽሞ እንዳይወስዱ። በጣቷ እየቆጠረች ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ። ሦስቱንም አልተሳሳተችም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኦቦ ጉተማን ስምንት ሰዎች በቃሬዛ አመጧቸው። ደም አስመልሷቸዋል። መኪና እስኪገኝ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻችንን ሆንን። ያን ጊዜ ጠየቅኋቸው። ያን ጊዜ አላፈርኩም።

«ካለፈው የዘር ወቅት ወዲህ ይጠቁራል» አሉኝ።

«ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?»

ሐኪሙ ገብቶ ምን አሉ ሲለኝ፣ «አሁን በቅርቡ ነው የጀመረኝ ይላሉ» አልኩት። ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው። የመጀመሪያው ከእፍረት የመጣ ነበር። ይህኛው ከምን መጣ? ራሴን ከማዳን ነው እንጂ ከየት ይመጣል? ኦቦ ጉተማ መቱ ሆስፒታል ሳይደርሱ መንገድ ላይ ዐረፉ።

ሦስተኛው ለቅሶው ላይ ነው። የሟቹ ወንድም ለብቻዬ ወስደው፣ «ክኒኑን በባዶ ሆድ ሰጥታ የገደለችው ምራቱ ናት ይባላል። አንተ የምታውቀው ነገር አለ?» አሉኝ። ጣቶቿ ትዝ አሉኝ። እኔ ግን «የካርድ ሠራተኛ ነኝ፤ አላውቅም» አልኳቸው። ጫልቱ አርባው ሳይወጣ ኖፓ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመለሰች። «አማቷን በክኒን የጨረሰች» የሚል ስም ወጣላት። ያንን ስም የሰጣት ሕዝቡ ነው ብዬ አራት ዓመት ራሴን አታለልኩ። የሰጠኋት እኔ ነኝ።

አሁን የምኖረው መቱ ነው። ባሏ ከውትድርና መመለሱን ሰማሁ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ትመለስ ወይስ ትፈታ የሚለውን ለመቁረጥ ሽማግሎች ዳሪሙ ላይ ይቀመጣሉ። እኔም እሄዳለሁ። ይህን ወረቀት መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ ቆሜ አነባለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር በአስተርጓሚ አላደርገውም። የሚፈረድብኝን እቀበላለሁ፤ ጉማ፣ የደም ካሳ፣ ክፈል ቢሉኝም ክርክር የለኝም። እፍረት ነበር፣ ወጉ ነበር፣ ልጅነት ነበር አልልም። ወጉ ሴቲቱን አስወጥተህ ጠይቅ እንጂ ዋሽ አላለኝም።

ኦቦ ጉተማ ይቅር ሊሉኝ አይችሉም፤ የሉም። ሌላውን ሰው ይቅር በለኝ ብዬ አላስቸግርም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ክፍል የነበራችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። ዶክተር ይርጋ፣ ካርዱ ላይ ምን ብለህ እንደጻፍክ በቃልህ ጻፍልኝ፤ እኔ የማስታውሰው እጅህን ብቻ ነው። ሲስተር አስናቀች፣ ጫልቱ አወሳሰዱን ስትደግም አጠገባችን ነበርሽ፤ ጣቶቿን አይተሽ ከሆነ መስክሪላት። ጋሼ ሸምሱ፣ እርስዎ ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃሉ። ስለ እንቅልፍ ጠይቄ ስለ ሰገራ ስመልስ ጨዋታዎን አቋርጠው ቀና ብለው አይተውኛል። ሰምተው ነበር? ሰምተው ከሆነ ለኔ አይዘኑ፤ እሑድ ሱቅዎን ዘግተው ይምጡና ከጎኔ ቆመው ይናገሩ። ጫልቱ፣ አንቺም በመሠረተ ትምህርት የተማርሽውን ያህል አማርኛ ትሰሚ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ሐኪሙ ሲጠይቅ ገብቶሽ ከነበረ፣ የእኔን አፍ እየጠበቅሽ ዝም ብለሽ ከነበረም፣ ያንንም ተናገሪ። ከጥፋቴ ላይ አይቀንስም። እዚህ ወረቀት ላይ ከታች ቦታ ትቼልሻለሁ፤ እኔ የተሳሳትኩትን አንቺ አርሚው።