ሳይረግፍ የሚታጨድ

ሚኒባሱ ውስጥ ሽማግሌው የቀን ሠራተኛ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አስተኝተዋል። ላስቲክ ጫማቸው የሸሕዲን የሰሊጥ ማሳ አቧራ ለብሷል፤ ዓይናቸው ግን አጠገባቸው የተቀመጠችውን የእየሩስን ደብተር መስመር በመስመር ይከተላል። እየሩስ የጀመረችውን ልብወለድ ልትቀደው ስትል እጇን ያዙ።

«ምን አጠፋ፣ ልጄ?»

«ገና ጥሬ ነው፣ አባባ። ሲበስልልኝ እጽፈዋለሁ።»

«ሰሊጥ እስኪደርቅ የጠበቀ ገበሬ፣ ቅርፊቱ ተከፍቶበት ፍሬውን ለመሬት ያበላል! እርጥቡን አጭደሽ፣ በነዶ አስረሽ አቁሚው፤ ቆሞ ይደርቃል። ማራገፉ ኋላ ነው። በይ አንብቢልኝ።»

እየሩስ እያፈረች ከሠርጓ የጠፋችውን ሙሽራ ታሪክ ማንበብ ጀመረች። ሽማግሌው ወደ እሷ ጎንበስ ብለው አዳመጡ።

«አባባ፣ መውረጃዎ አለፈ እኮ!» አለ ሾፌሩ።

«ንዳው አንተ! ሙሽራዋ ገና ወንዙን አልተሻገረችም!»